ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ፦ ስለ አሮጌ መኪናዎች ሞተርና ካምቢዮ ቅየራ የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

ከመገናኛ ተነሥቶ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲና በመሪ በኩል ወደ አያት የሚዘልቀው ጎዳና በምሥራቅ አዲስ አበባ ከሚገኙት ሰፋፊ መንገዶች አንዱ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በመካከሉ ቀላል ባቡር ይመላለስበታል። በግራና በቀኙ ደግሞ የተለያየ ዘመን መኪናዎች ጎን ለጎን ይጓዛሉ፤ ትናንት የገባው የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሃያ ዓመት ያገለገለው ቪትዝና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ቮልስ አንድ መብራት ላይ ይቆማሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ራቬና ላይ ከተመሠረተው የጣሊያን የግንባታ ኅብረት ሥራ ድርጅት ምኅጻረ ቃል ነው። የጋራዡ ቋንቋም ቢሆን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡራቶርና ካንዴላ እያለ ከዚያው አገር የወረሳቸውን ቃላት እስከ ዛሬ ይጠቀማል።

በነዚህ አሮጌ መኪናዎች ዙሪያ አንድ ጥያቄ በየጋራዡ ይነሣል። አካሉ ደኅና ሆኖ ሞተሩ የደከመ መኪና ዘመናዊ ሞተርና ኦቨርድራይቭ ያለው ካምቢዮ ቢገጠምለት ምን ይጎዳል? ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አማካይነት አስታውቋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፍሉ አድርጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥም የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ተነካ። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና የሚጠገንበትና የሚሻሻልበት ጊዜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። የሞተር ቅየራ ሊከለከል የሚገባው ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በአገራችን ከሞተሩ ተጀምሮ ሞተሩ ላይ መጠናቀቁ ስሕተት ነው። ሥራው ከፍሬን ተጀምሮ፣ በካምቢዮ አልፎ፣ በሞተር ሊጠናቀቅ ይገባል፤ ቁጥጥሩም ይህንኑ ቅደም ተከተል መከተል አለበት።

ሁለት መኪናዎች፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮች

በአዲስ አበባ ስለ አሮጌ መኪና ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታወሱት ቮልስና ላዳ ናቸው። ቮልስ ከአገሪቱ ታሪክ ጋርም ተያይዟል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ላዳ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ ታክሲ ሆኖ አገልግሏል። ሁለቱም «አሮጌ መኪና» ይባሉ እንጂ በምህንድስና ዐይን ሲታዩ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ አይደለም።

ቮልስ ሞተሩን ከኋላ ይዞ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ መኪና ነው። ባለ 1200 ሞተሩ 34፣ ባለ 1300 ሞተሩ 40፣ ባለ 1600 ሞተሩ 50 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ላዳ በበኩሉ ከፊያት 124 የተቀዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ላይ መመረት የጀመረ ነው። ሞተሩ ከፊት በርዝመቱ ይቀመጥና በረጅም ዘንግ አማካይነት የኋላ ጎማዎችን ያሽከረክራል። የመጀመሪያው ሞዴል 1,198 ሲሲ ሞተርና ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ ነበረው፤ ጉልበቱም 64 ያህል ነው።

ይህ የአቀማመጥ ልዩነት የቅየራውን መንገድ ይወስናል። በከተማው በብዛት የሚገኘው ዘመናዊ ሞተር የቪትዝና የመሰሎቹ ነው፤ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ሞተሩን ከነካምቢዮው ተፈትቶ ሊያገኘው ይችላል። ነገር ግን ይህ ሞተር በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማዎችን እንዲያሽከረክር የተሠራ ስለሆነ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ተጣምረዋል። በላዳ ወንበር ላይ እንዳለ ሊቀመጥ አይችልም። በሌላ በኩል ላዳን ከታክሲነት ካስወጡት መኪናዎች አንዱ የሆነው ቢጫው ቶዮታ አቫንዛ ከፊት በርዝመቱ የተቀመጠ 1.3 ወይም 1.5 ሊትር ሞተርና የኋላ ጎማ ድራይቭ አለው። ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮውም ለብቻው ከሞተሩ ጀርባ ይገኛል። ለላዳ በአፈጣጠሩ የሚቀርበው ሞተር የተተኪው ታክሲ ሞተር መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ግን የሚስማማው ሞተር ሳይሆን በቀላሉ የተገኘው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

ከፍታው የሚወስደው ጉልበት

ሲኤምሲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በ25 በመቶ ገደማ ያንሳል። ተርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር፣ አሮጌም ሆነ አዲስ፣ የሚተነፍሰው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። በወረቀት ላይ 64 የተጻፈለት የላዳ ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 48 ነው፤ 40 የተጻፈለት ቮልስም 30 ያህል ብቻ ይሰጣል። የመኪና ባለቤት «ሞተሩ ደክሟል» ብሎ ሲያማርር የድካሙ አንድ አራተኛ የከፍታው ድርሻ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። አዲሱ ሞተርም ቢሆን ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሲኤምሲ ላይ ሲሠራ ከ75 ብዙም አይበልጥም።

ዘመናዊው ሞተር በከፍታ ላይ እውነተኛ ብልጫ የሚያሳየው በነዳጅ አመጣጠን ነው። ካርቡራቶር አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ መቀነስ አይችልም። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር አዲስ አበባ ላይ ያለ ማስተካከያ ቢሠራ ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ በነዳጅ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጨምራል፣ ነዳጁም ይባክናል። ተቃራኒው ችግርም አለ። ለአዲስ አበባ የቀጠነ ድብልቅ ተስተካክሎለት ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል የበለጠ አየር ያገኛል፤ ድብልቁ ይሳሳና ሞተሩ ይግላል። በአየር ለሚቀዘቅዘው ቮልስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኢንጀክሽን ሞተር ግን የአየሩን ግፊት ወይም መጠን በሴንሰር እየለካ ነዳጁን በየቅጽበቱ ያስተካክላል።

ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነው። ዋናው ጥቅም ከኢንጀክሽን የሚገኝ ከሆነ ሞተሩን ሁሉ መቀየር የግድ ላይሆን ይችላል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ ምርቱ እስኪቆም ድረስ ቮልስ ያንኑ በአየር የሚቀዘቅዝ 1,584 ሲሲ ሞተር ይዞ ቀጥሏል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ካርቡራቶሩን በኢንጀክሽን ተክቷል። 21,529,464ኛው ቮልስ ከፋብሪካ የወጣው አሮጌውን ሞተርና ዘመናዊውን የነዳጅ ሥርዓት አጣምሮ ነው። ለቮልስ ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ ይኸው ይመስላል።

ማቀዝቀዣም ከከፍታው ጋር ይያያዛል። ውኃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ ዘመናዊ ሞተር ከዚህ ተጠግቶ ወይም አልፎ በሚሄድ ሙቀት የሚሠራ ሲሆን፣ ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው በራዲያተሩ ክዳን የተያዘው ግፊት ነው። ከተፈታ መኪና የተወሰደ፣ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን በባሕር ጠለል ለጥቂት ጊዜ ሊታገሥ ይችል ይሆናል፤ በሲኤምሲና በመገናኛ መካከል ባለው የጠዋት መጨናነቅ ግን ቴስታታ ያስከፍላል።

ኦቨርድራይቭ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ

ኦቨርድራይቭ የሚባለው የካምቢዮው የመውጫ ዘንግ ከሞተሩ ፈጥኖ የሚዞርበት ማርሽ ነው፤ የማርሽ ንጽጽሩ ከ1 ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ዓላማው መኪናው በረጅም መንገድ ላይ ተመሳሳይ ፍጥነት ይዞ ሲጓዝ የሞተሩ ዙር እንዲቀንስ፣ ድምፁ እንዲለዝብና ነዳጅ እንዲቆጠብ ነው። ነገር ግን ለጎማው የሚደርሰውን ዙር የሚወስነው ካምቢዮው ብቻ አይደለም። የካምቢዮው ንጽጽር በዲፈረንሻሉ ንጽጽር ሲባዛ የሚገኘው ጠቅላላ ቁጥር ነው ወሳኙ።

ይህን በሁለቱ መኪናዎች ማሳየት ይቻላል። የላዳ አራተኛ ማርሽ ቀጥታ 1.00፣ ዲፈረንሻሉ 4.3 ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ያህል ጊዜ ይዞራል። የቮልስ አራተኛ ማርሽ ግን በአንዳንድ ሞዴሎቹ 0.89፣ ዲፈረንሻሉ 4.375 ነው፤ ጎማውም ስለሚተልቅ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ወደ 3,400 ጊዜ ነው። እንግዲህ «አሮጌ» የሚባለው ቮልስ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ አራተኛ ማርሹ ኦቨርድራይቭ ነበር። ለቮልስ ኦቨርድራይቭ ልግጠምለት የሚል ሰው ያለውን ሊገዛ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ለላዳ ግን ጉዳዩ እውነተኛ ነው። የራሱ የላዳ ቤተሰብ በኋላ ያመጣው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ አምስተኛው 0.819 ስለሆነ፣ በዚያው ዲፈረንሻል የ100 ኪሎ ሜትሩን ዙር ወደ 3,300 ያወርደዋል። የዙሩ ቅናሽ 18 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ሊፈጠሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ካምቢዮውን ከአንድ መኪና፣ ዲፈረንሻሉን ከሌላ መኪና ወስዶ ሳያሰሉ ማጋጠም ነው። አምስተኛው 0.82 የሆነ ካምቢዮ ንጽጽሩ 5 ከሆነ ዲፈረንሻል ጋር ቢጣመር ጠቅላላው 4.1 ይሆናል፤ ከላዳ ቀጥታ አራተኛ ማርሽ የሚለየው በጥቂቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ለኦቨርድራይቭ ከፍሎ ኦቨርድራይቭ አላገኘም ማለት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ካምቢዮውን ትቶ በዲፈረንሻሉ ብቻ ዙር ለመቀነስ መሞከር ነው። የላዳ አንደኛ ማርሽ 3.75 ሲሆን በ4.3 ሲባዛ 16.1 ይሆናል። ዲፈረንሻሉ ወደ 3.5 ቢለወጥ በረጅም መንገድ ላይ ዙሩ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንደኛ ማርሹም አብሮ ወደ 13.1 ይወርዳል። ከፍታው ከጉልበቱ ሩቡን በወሰደበት ከተማ፣ ዳገት ላይ አምስት ሰው ጭኖ ለሚነሣ መኪና ይህ ፍሪሲዮን ማቃጠል ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ዙር ከካምቢዮ ይምጣ እንጂ ከዲፈረንሻል አይምጣ የሚለው ሐሳብ ለአዲስ አበባ ይበልጥ ይስማማል።

ከሁሉ በላይ ግን መኪናው የት ነው የሚሄደው የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት። ከአያት እስከ መገናኛ በመኪና ሰልፍ መካከል የሚመላለስ ሰው አምስተኛ ማርሽ ላይ የሚደርስበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ኦቨርድራይቩ ዋጋ የሚኖረው በጎሮ በኩል ወደ ቱሉ ዲምቱ ወጥቶ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ አዘውትሮ ለሚጓዝ ሰው ነው። መኪናው ከከተማ የማይወጣ ከሆነ ያው ገንዘብ በካርቡራቶር ማስተካከያ፣ በፍሪሲዮንና በፍሬን ላይ ቢውል የተሻለ ፍሬ ያፈራል።

ፍሬኑ የመጀመሪያው ሥራ ነው

የሞተር ቅየራ ውይይት በጉልበትና በፍጥነት ሲጀምር ስለ መቆም የሚነሣው ዘግይቶ ነው። የፊዚክስ ሕግ ግን ግልጽ ነው። የሚንቀሳቀስ አካል የተሸከመው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በአንድ ለአንድ አይጨምርም፤ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ይጨምራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይጓዝ የነበረ መኪና 100 ሲደርስ ፍጥነቱ በሁለት ሦስተኛ ያህል ቢጨምርም፣ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ኃይል 2.8 እጥፍ ይሆናል።

አብዛኞቹ አሮጌ ቮልሶች በአራቱም ጎማዎች የከበሮ ፍሬን ያላቸው ናቸው። የከበሮ ፍሬን በተደጋጋሚ ሲያዝ ሙቀቱን ቶሎ አያስወጣም፤ ሲግል የመያዝ ዐቅሙ ይቀንሳል። ከቀድሞዎቹ ሞዴሎች ብዙዎቹ ደግሞ የፍሬን ዘይት መሥመራቸው አንድ ብቻ ስለነበረ፣ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። ላዳ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ከበሮ ስላለው በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ያ ፍሬን የተሠራው 64 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ነው። የማዞር ኃይሉም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። የላዳው ሞተር የማዞር ኃይል 87 ኒውተን ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ባለ 1.5 ሊትሩ የአቫንዛ ሞተር ከ130 በላይ ይሰጣል። ከካምቢዮው ጀምሮ እስከ ኋላ አክስል ያለው ክፍል ሁሉ ከታሰበለት ጭነት በግማሽ ያህል የበለጠ ይሸከማል ማለት ነው።

አምራቹ ራሱ ይህን መርሕ አክብሯል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ የጀርመን ባለሙያ ኩባንያ ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጫ ሥራ ሲያስተዋውቅ፣ 60 ኪሎ ዋት ሞተርና 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ገጥሞለታል። የመኪናው ክብደት 1,280 ኪሎ ግራም ደረሰ። በመሆኑም ሻንሲው እንዲጠናከር፣ ፍሬኑም እንዲሻሻል አድርጓል። መኪናውን የፈጠረው ድርጅት ፍሬኑን ሳይነካ ሞተሩን ለመለወጥ ካልደፈረ፣ አንድ ጋራዥ የሚደፍርበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች ቢያንስ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከቅርስ ወዳጆች ይመጣል፤ ሞተሩ የተለወጠ ቮልስ ቮልስ አይደለም ይላሉ። ስሜቱ የሚከበር ነው። በጀርመን ዕድሜው 30 ዓመት የሞላው መኪና የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ የሚሰጠው የቀድሞ መልኩንና ይዘቱን መጠበቁ ተረጋግጦ ነው። በሌላ በኩል በብሪታንያ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የነጥብ ሥርዓት ለመኪናው ማንነት ከተመደቡት 14 ነጥቦች 5ቱን ለሻንሲው ወይም ለአካሉ ሰጥቶ፣ ለሞተሩ የሰጠው 1 ነጥብ ብቻ ነበር። የመኪና ማንነት የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ በየአገሩ የተለያየ መልስ አግኝቷል። ለአዲስ አበባ የሚሻለው ሁለቱን መለየት ይመስላል። እንደ ወጣ ተጠብቆ የቆየ መኪና በቅርስነቱ ይጠበቅ፤ የዕለት እንጀራ የሚያወጣው ደግሞ ደኅንነቱ እስከተረጋገጠ ድረስ ይሻሻል። የወጣው ሞተርም ቢሆን ለብረት ሻጭ ከመሰጠት ይልቅ ተቀብቶና ተጠቅልሎ ቢቀመጥ የመመለሻው በር አይዘጋም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፖሊሲ አንጻር የሚነሣ ነው። አገሪቱ ወደ ኤሌክትሪክ ፊቷን ባዞረችበት፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ጊዜ፣ በቤንዚን ሞተር ላይ ገንዘብ ማውጣት ወደ ኋላ መጓዝ ነው ሊባል ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ለሲኤምሲ ዓይነቱ ቆም ሄድ መንገድም ይስማማል። ሆኖም ባትሪው ለአንድ አሮጌ መኪና ባለቤት የሚጠይቀው የውጭ ምንዛሪና ዋጋ ከባድ ነው፤ የሚጨምረው ክብደትም ከላይ እንደታየው ከፍተኛ ነው። ወደፊት የተፈቱ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሞተርና ባትሪ በሶማሌ ተራ መገኘት ሲጀምሩ ጥያቄው ራሱን ይደግማል። ያኔም ቢሆን «ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ» የሚለው መርሕ አይሻርም፤ እንዲያውም ይጠነክራል።

ሦስተኛው የመካኒኩ ድምፅ ነው፤ ሠርቶ ካሳየ ምን ችግር አለው ይላል። የአዲስ አበባ መካኒኮች በጥቂት መሣሪያ ብዙ የሚሠሩ፣ ክብር የሚገባቸው ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ሞተሩ ተነሥቶ መሄዱ የሚያረጋግጠው መሄዱን ብቻ ነው። የሞተር መቀመጫው ከስድስት ወር በኋላ ይሰነጠቅ እንደሆነ፣ ሽቦው የሚግል ቱቦ ይነካ እንደሆነ፣ የነዳጅ መሥመሩ የኢንጀክሽንን ከፍተኛ ግፊት ይችል እንደሆነ በአንድ ዙር ሙከራ አይታወቅም። ለካርቡራቶር ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ የላስቲክ ቱቦ በኢንጀክሽን ፓምፕ ሥር ሲቀር የእሳት አደጋ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ የፈሰሰው ቤንዚን ሲሆን ግን መልቀሙም አይቻል።

ቁጥጥሩ ምን ይመርምር?

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች የሚመዘገቡበትንና የሚመረመሩበትን ሥርዓት ዘርግቷል። በሊብሬው ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይሰፍራል፤ መኪናው በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍበታል። ስለዚህ ሞተሩ የተቀየረለት መኪና ጉዳይ ወደ ቢሮ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄው ቢሮው ምን ይጠይቃል የሚለው ነው። የሞተር ቁጥር ማመሳከር ስርቆትን ለመከላከልና ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ይጠቅማል፤ የሞተሩ ጉልበት ከፍሬኑ ጋር መመጣጠኑን ግን አይነግርም።

በአውስትራሊያ የቀላል ተሽከርካሪዎች ማሻሻያ ብሔራዊ መመሪያ የሚገጠመውን ሞተር መጠን ከመኪናው ክብደት ጋር ያገናኛል፤ ከተወሰነ ደረጃ ያለፈ ለውጥም በተፈቀደለት መሐንዲስ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ይህን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አያስፈልግም። ለአዲስ አበባ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን አንድ ገጽ የማይሞላ ቅጽ ይበቃል። ቅጹ አምስት ነገሮችን ሊይዝ ይችላል፦ የቀድሞውና የአዲሱ ሞተር ጉልበትና ክብደት፣ የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ንጽጽር፣ የፍሬኑ ዓይነትና በመመርመሪያ ማሽን የተለካ ውጤት፣ የነዳጅ መሥመሩ ሁኔታ፣ ሥራውን የሠራው ጋራዥ ማንነት። የመጨረሻው በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ስሙን የሚያስመዘግብ ባለሙያ ሥራውን ደግሞ ያያል።

የትምህርት ተቋማትም ድርሻ አላቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለጥናት ርእስ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የኢንጀክሽን ቮልስና የካርቡራቶር ቮልስ በዚህ ከፍታ ያላቸው የነዳጅ ፍጆታ ልዩነት፣ ባለ 5 ማርሽ ላዳ ከአያት እስከ መገናኛና ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ የሚያስገኘው ቁጠባ፣ የከበሮ ፍሬን በአዲስ አበባ ቁልቁለቶች ላይ የሚደርስበት ሙቀት፤ እነዚህ ሁሉ በመጠነኛ መሣሪያ ሊለኩ የሚችሉ፣ ውጤታቸውም ለጋራዡና ለቢሮው በቀጥታ የሚጠቅም ጥናቶች ናቸው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናውም የሞተር ቅየራን በልምድ ብቻ የሚተላለፍ ጥበብ አድርጎ ከመተው ይልቅ፣ ስሌቱንና ፍተሻውን አካቶ ቢያስተምረው መካኒኩ በእጁ ያለውን ችሎታ በወረቀት ማስረዳት ይችላል።

ማጠቃለያ

የሞተር ቅየራ ከአሮጌ መኪና ጋር አብሮ የሚኖር ሥራ ነው፤ የመኪና ማስገቢያው በር በጠበበ ቁጥርም ይበዛል። መከልከሉ ሥራውን ከዐይን ያሸሸዋል እንጂ አያጠፋውም። እንዳሻው መልቀቁም ከሲኤምሲ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት የሚወጣውን እግረኛ፣ የባቡሩን ሐዲድ አቋርጦ የሚሻገረውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል፤ እርሱ ደግሞ ስለ ቅየራው ማንም አላማከረውም።

ስለዚህ ባለቤቱ ሞተር ከመግዛቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ቢመልስ ይበጀዋል። መኪናው አሁን ባለው ፍሬን በአስተማማኝ ሁኔታ ይቆማል? የሚሄድበት መንገድ በእርግጥ ኦቨርድራይቭ ይፈልጋል? ያለው ሞተር በኢንጀክሽን ወይም በትክክለኛ ማስተካከያ ሊድን አይችልም? ለመጀመሪያው ጥያቄ «አይቆምም» የሚል መልስ ካለ ገንዘቡ ወደ ፍሬን ይሂድ። የሁለተኛው መልስ «አይፈልግም» ከሆነ ካምቢዮው ይቆይ። ሦስተኛውም ተጠይቆ ሞተሩ የማይድን ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ ቅየራው በስሌትና በሰነድ ይሠራ። ተቆጣጣሪውም መኪናው ቦሎ ሊወስድ ሲመጣ በዚሁ ቅደም ተከተል ቢጠይቀው፣ ከሞተር ቁጥሩ በፊት ፍሬኑን ቢያይ፣ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።